ፏፏቴውን አልፎ ሐይቁ ድረስ፣ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ይቻላል?

ይቻላል። ደርሶ መልሱ 12 ኪሎ ሜትር፣ ዳገቱ 900 ሜትር ነው ብለሃል። ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት ያዝ፤ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ሌላ 1 ሰዓት ጨምር። ወደ 4 ሰዓት ይመጣል። ግን ይሄ ያለ እረፍት ነው፤ አንተ 6 አድርገው። ፏፏቴው ጋ ፎቶ ስታነሳ ጊዜው ይበራል።

ጎህ ሲቀድ ተነስ። ቀትር ላይ ሐይቁ ባትደርስም ተመለስ።

ላይ በረዶ ካለ ደግሞ ጅረቱን ጠርጥር። ከሰዓት በኋላ በረዶው ሲቀልጥ ይሞላል። እኔ ጠዋት በድንጋይ በድንጋይ ዘልዬ የተሻገርኩት፣ ስመለስ ጉልበቴ ድረስ ሆኖ ጠበቀኝ። መሻገሪያ ስፈልግ መሸብኝ፤ ባትሪ እንኳ አልያዝኩም ነበር።