ለአንድ ዓመት ማላዊ ገጠር ለማስተማር ምን ልዘጋጅ?

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት ነኝ። አንድ የበጎ ፈቃድ ድርጅት በማላዊ ገጠር በሚገኝ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለአንድ ዓመት እንዳስተምር ተቀብሎኛል፤ ጉዞዬ ከሦስት ወር በኋላ ነው። ከድርጅቱ የደረሰኝ መግለጫ ስለ ልብስና ስለ ሻንጣ ክብደት እንጂ ስለ ማስተማሩ ብዙም አይልም። ምን ላዘጋጅ?
መምህርት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድመው በድርጅቱ በኩል ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ደብዳቤ ይጻፉ። የትኛውን ክፍል እንደሚያስተምሩ፣ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ እንደሚኖርዎ፣ በትምህርት ቤቱ ሌላ የሒሳብ መምህር መኖር አለመኖሩን፣ እርስዎ ሲመለሱም ክፍሉን ማን እንደሚረከብ ይጠይቁ። የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም የሚበልጥ ይመስለኛል። አንዲት ጎበዝ መምህርት ዓመቱን ሙሉ ብቻዋን አስተምራ ስትመለስ ተማሪዎቹ ያለ ሒሳብ መምህር የሚቀሩ ከሆነ፣ የተደከመበት ሥራ ግማሹ አብሯት ይመለሳል። ስለዚህ ከአገሬው መምህራን አንዱ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አብሮዎት እንዲያቅድ፣ ተራ በተራም ክፍል እንድትገቡ አስቀድመው ይስማሙ።

ማላዊ እ.ኤ.አ. በ1994 የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን በነፃ ስታደርግ የተማሪው ቁጥር ከ1.9 ሚሊዮን ወደ 3 ሚሊዮን ገደማ በአንድ ጊዜ አሻቅቧል፤ የመምህርና የመማሪያ ክፍል እጥረቱም ከዚያ ወዲህ በቀላሉ አልተቃለለም። በገጠር ያሉት አብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ከቤታቸው እየተመላለሱ የሚማሩባቸው የማኅበረሰብ ትምህርት ቤቶች ሲሆኑ፣ በመጽሐፍም በቤተ ሙከራም ከአዳሪ ትምህርት ቤቶች ያንሳሉ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አራት ዓመት ነው፤ ማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ሲሆን በአራተኛው ዓመት መጨረሻ አገር አቀፍ ፈተና አለ። የማላዊን የሒሳብ መርሐ ትምህርትና ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ከአሁኑ አስልከው ይሥሩባቸው፤ እኛ በአንድ ክፍል የምናስተምረውን ርእስ እነርሱ በሌላ ዓመት ሊያስተምሩት ይችላሉና።

መጽሐፍ ለብዙ ተማሪ አንድ ሊሆን ስለሚችል፣ ያለ መጽሐፍና ያለ መብራት የሚሰጥ ትምህርት አዘጋጅተው እዚሁ በራስዎ ክፍል ይሞክሩት። ለምሳሌ ክብን ለማስተማር ሲባጎ ከጠመኔ ጋር አስረው አንድ ተማሪ የሲባጎውን ጫፍ ሰሌዳው ላይ እንዲይዝ፣ ሌላው ጠመኔውን እንዲያዞር ያድርጉ፤ ከዚያ ተማሪዎቹ ዙሪያውን በዚያው ሲባጎ ለክተው ለአግድሙ ሲያካፍሉት ከ3 ትንሽ የሚበልጥ ቁጥር ራሳቸው ያገኛሉ። ጥያቄዎችን በትልልቅ ወረቀት ላይ በወፍራም ብዕር ጽፎ መያዝም ሰሌዳ ላይ በመጻፍ የሚያልፈውን ጊዜ ያተርፋል።

በመማሪያ ክፍል እንግሊዝኛ ቢበቃዎትም፣ ከክፍል ውጭ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ቺቼዋ ያስፈልግዎታል፤ በሰሜን ግን ቱምቡካ ስለሚበዛ የሚመደቡበትን ወረዳ ይጠይቁ። «ሙሊ ብዋንጂ?» ማለት «እንዴት ነዎት?» ነው። ሰላምታውን ሳያዳርሱ ወደ ጉዳይ መግባት እዚያም እንደ ነውር ስለሚታይ በዚህ በኩል አይቸገሩም። ሰዓት ግን እንዳያሳስትዎ ይጠንቀቁ፤ አቆጣጠራቸው ከእኩለ ሌሊት ስለሚጀምር ትምህርት 7፡30 ይጀመራል ሲሉዎ በእኛ አነጋገር ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ማለታቸው ነው።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጉዳይ ረኀብ ነው። ዝናቡ ከኅዳር አካባቢ እስከ መጋቢት ሲዘንብ ያለፈው ዓመት በቆሎ ከየጎተራው ያልቃል፤ አዲሱ እስኪደርስ ባሉት ወራት፣ በተለይ በጥርና በየካቲት፣ ቁርስ ሳይቀምሱ ረጅም መንገድ ተጉዘው የሚመጡ ልጆች ይኖራሉ። የእኛን የሐምሌና የነሐሴ ችግር የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በእነዚያ ወራት የሚያንቀላፋን ወይም የሚቀርን ልጅ ሰነፍ ብለው እንዳይፈርጁት አደራ እላለሁ፤ ከባድ ርእሶችንም በተቻለ መጠን ወደ ማለዳው ክፍለ ጊዜ ያድርጓቸው።

ጤናን በተመለከተ፣ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ደጋ ላደገ ሰው ወባ ትልቁ ስጋት ነው፤ ማላዊ ውስጥ ወባ ዓመቱን ሙሉ አለ። ከመከላከያ መድኃኒቶቹ አንዳንዶቹ ከጉዞው ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብለው ስለሚጀመሩ ሐኪም ማማከሩን ለመጨረሻው ሳምንት አይተዉት። እዚያም በመድኃኒት የራሰ አጎበር ውስጥ ይተኙ፤ ካተኮሰዎትም ሳያድሩ ይመርመሩ። ከኢትዮጵያ የሚሄድ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ካርዱ የሚጸናው ደግሞ ከተከተቡ 10 ቀን በኋላ ነው። በማላዊ ሐይቅ ዳርቻ ቢልሃርዚያ ስላለ ውሃው ጥርት ብሎ ቢታይም ለመዋኘት አይቸኩሉ።

የሥራ ፈቃዱን ድርጅቱ እንዲያስጨርስ በጽሑፍ ያረጋግጡ። የዲግሪዎንና የሥራ ልምድዎን ማስረጃ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያስመስክሩ፤ ከትምህርት ቤትዎም ወደ ቦታዎ የሚመለሱበትን የፈቃድ ደብዳቤ ሳይቀበሉ አይነሡ።

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት ልጄ በአፍሪካ ገጠር አራት ሳምንት ለማስተማር ብዙ ሺህ ዶላር እንድትከፍል ተጠይቃለች። ተገቢ ነው?
እናት፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ ክፍያ መጠየቁ ብቻውን ማጭበርበር ነው አይባልም፤ ገንዘቡ ለምን ለምን እንደሚውል፣ ለትምህርት ቤቱም ምን ያህል እንደሚደርሰው በዝርዝር ካልነገሯችሁ ግን እንዳትከፍሉ እመክራለሁ። ማስተማር ሳትማር በአራት ሳምንት ብቻዋን ክፍል መያዟ ለልጆቹ የሚጠቅም አይመስለኝም፤ ከቋሚው መምህር ጎን ሆና ልጆችን በንባብ ብታግዝ ይሻላል። ድርጅቱ ከልጆች ጋር ለሚሠራ ሰው የወንጀል ነፃ ማስረጃ መጠየቅ አለመጠየቁንም ይመልከቱ፤ የማይጠይቅ ከሆነ ለልጆቹ ደኅንነት አያስብምና ይተዉት።

ልጅዎ ነገሩን ከልቧ ከያዘችው ዲግሪዋን እስክትጨርስ ትታገሥ። ወላጆቻችን ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ በየትምህርት ቤታቸው ያወቁት የአሜሪካ ሰላም ጓድ ከበጎ ፈቃደኛው የተሳትፎ ክፍያ አይጠይቅም፤ የጉዞና የኑሮ ወጪውንም ይችላል። የአገልግሎቱ ጊዜ ሥልጠናውን ጨምሮ በተለምዶ 27 ወር ሲሆን፣ አመልካቹ የአሜሪካ ዜጋ መሆን አለበት፤ ለመምህርነት ምደባም አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠየቃል። እስከዚያው በአካባቢያችሁ አማርኛ ለሚማሩ ልጆች በቅዳሜ ትምህርት ቤት ረዳት ሆና ብትሠራ፣ ክፍል መያዝ ምን እንደሆነ ከወዲሁ ትለምዳለች።