ፎርማት ከማድረግሽ በፊት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? መሐል ሜዳ ላይ ባና ከሸማኔዎች እየተረከብኩ በቴሌግራም ቻናሌ እሸጣለሁ። ትናንት ከአክስቴ ልጅ አካውንት «ልጄ ውድድር ላይ ናት፣ ድምፅ ስጪልኝ» የሚል ሊንክ መጣልኝ። የተከፈተው ገጽ መጀመሪያ የጂሜይል አድራሻዬንና ፓስወርዴን፣ ቀጥሎ በቴሌግራም የመጣልኝን ኮድ ጠየቀኝ፤ ሁለቱንም ጻፍኩ። ማታ የማላውቀው ስልክ ወደ ቴሌግራሜ እንደገባ አየሁ። የጂሜይሉን ፓስወርድ ቀይሬያለሁ። ባለቤቴ ግን ስልኩ ፎርማት ይደረግ፣ ሲሙም ይጣል ይላል። ምን ይሻለኛል?
— ከመንዝ ጌራ

መልስ፦ እህቴ፣ መልእክትሽ እንደደረሰኝ ባጭሩ መልሼልሻለሁ። ደብረ ብርሃን ሱቄ ድረስ ይኸንኑ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሰው ስላልጠፋ ነው እዚህ ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው።

ባለቤትሽ ላንቺ አስቦ ነው፤ ምክሩ ግን የሚጠቅመው ሌባውን ነው። ቴሌግራም ላይ አዲስ የገባ ስልክ 24 ሰዓት ሳይሞላው ሌሎቹን ስልኮች ማስወጣት አይችልም። አሁን ነባሯ አንቺ ነሽ፣ አዲስ ገቢው እሱ ነው። «ሴቲንግስ» ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ከፍተሽ ከያዝሽው ስልክ በቀር ሁሉንም ባንዴ አስወጪ። ስልኩን ፎርማት ካደረግሽው ግን እንደገና ስትገቢ አዲስ ገቢዋ አንቺ ትሆኛለሽ፤ የገዢዎችሽን መልእክት ሲያነብ እያየሽ አንድ ቀን ሙሉ ልታስወጪው አትችይም። ከዚያ ገጽ ያወረድሽው አፕ ካለ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ሌባው ይውጣ፣ ፎርማቱ ይከተል።

ሲሙ አይጣል። የተጣለ ቁጥር ውሎ አድሮ ሌላ ሰው እጅ ይገባል፤ ቴሌግራምሽም ቴሌብርሽም የተመዘገቡት በሱ ነው።

ወደ ጂሜይሉ እንምጣ፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ፓስወርዱን መቀየርሽ ደግ ነው፣ ግን ሌባው ጥቂት ደቂቃ ካገኘ የሚመጣልሽ ኢሜይል ሁሉ ቅጂው ለሱ እንዲደርሰው «ፎርዋርዲንግ» አስተካክሎ ሊወጣ ይችላል። ይኼ ፓስወርድ ስለተቀየረ አይቆምም። የጂሜይል አፕ ላይ ብትፈልጊው አታገኚውም፤ በኮምፒዩተር ነው የሚታየው። ለዚህ ኢንተርኔት ቤት አትሂጂ፣ የምታምኚው ሰው ላፕቶፕ ይሻላል። «ፎርዋርዲንግ»ንም፣ የሚመጣውን ኢሜይል እየለየ ወደ ሌላ ሊያስተላልፍ የሚችለውን «ፊልተርስ»ንም እዪ፤ ያላስገባሽው አድራሻ ካለ ሰርዢ። አካውንቱን ለማስመለስ የተመዘገበው ስልክና ኢሜይል ያንቺ መሆኑንም አረጋግጪ። ያንኑ ፓስወርድ ፌስቡክ ላይም ከተጠቀምሽበት እዚያም ይቀየር።

ከዚያ በሁለት ደረጃ የሚያስገባውን ማረጋገጫ አብሪ። ኔትወርክ በሚጠፋበት አገር ኮድ በኤስኤምኤስ መጠበቅ አድካሚ ስለሆነ እኔ ጉግል ኦተንቲኬተርን እመርጣለሁ፤ ያለ ኔትወርክ በየ30 ሰከንዱ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩን የሚያሰላው ከስልኩ ሰዓት ነው፤ እዚህ ላይ የኛው አገር ጣጣ ይመጣል። ስልኩ በሀበሻ ሰዓት እንዲቆጥርለት ብሎ በእጁ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የመለሰ ሰው ኮዱ ሁሉ ስህተት ይሆንበታል፤ ከዚያ አፑን ሲራገም ይውላል። ሰዓቱን ወደ አውቶማቲክ መልሺው። ጉግል የሚሰጥሽን 10 መጠባበቂያ ኮዶች ወረቀት ላይ ገልብጠሽ ሣጥን ውስጥ ቆልፊባቸው፤ ፎቶ አንስተሽ ስልክሽ ላይ አታስቀምጪ።

ይሁንና ኦተንቲኬተርም ቢሆን ኮዱን አስመሳይ ገጽ ላይ ከጻፍሽው ይወሰዳል። ክሮም ፓስወርድሽን ይዞልሽ ከሆነ አንድ ጥሩ ምልክት አለሽ፦ ሌላ ጊዜ ራሱ የሚሞላው ፓስወርድ ዛሬ አልሞላም ካለ አድራሻው ሌላ ሊሆን ይችላልና እዚያው አቁሚ።

ቴሌግራም ላይም የሁለተኛ ደረጃ ፓስወርድ አውጪ፤ ማስመለሻ ኢሜይሉ ግን ጂሜይሉ ከጸዳ በኋላ ይሁን።

የአክስትሽን ልጅ በስልክ ደውለሽ ንገሪያት፣ በቴሌግራም አይሆንም። የሷን አካውንት የያዘው ሰው ያነበዋል። ቻናልሽ ላይ ደግሞ ዛሬውኑ «በስሜ ቀብድ በቴሌብር ላኩ የሚል መልእክት ከደረሳችሁ፣ ሳትልኩ ደውሉልኝ» ብለሽ ለጥፊ። ባና ያዘዘ ደንበኛ አንቺ ጠየቅሽኝ ብሎ ለሌባ የላከውን ብር ማስመለስ አካውንት ከማስመለስ ይከብዳል።