ቱርኩዝና የዝሆን ጥርስ ቀለም ሲገናኙ

ጥያቄ፦ በጋዝ ነበልባል የብርጭቆ ዶቃ እሠራለሁ። የዝሆን ጥርስ ቀለም ባለው ዶቃ ላይ የቱርኩዝ (አረንጓዴ የቀላቀለ ሰማያዊ ብርጭቆ) ነጠብጣብ ሳሳርፍ በየነጠብጣቡ ዙሪያ ጥቁር ቡናማ ቀለበት ይወጣል። የማቀልጣቸውን የብርጭቆ ዘንጎች በአልኮል ብወለውላቸውም ለውጥ የለም። ቱርኩዙም አንዳንዴ ግራጫ ይለብሳል።

መልስ፦ ቆሻሻ ስላልሆነ በመወልወል አይለቅም። የዝሆን ጥርስ ቀለም ያለው ብርጭቆ ውስጥ ድኝ አለ፤ ቱርኩዝን የሚያቀልመው ደግሞ መዳብ ነው። ሁለቱ ቀልጠው በሚነካኩበት ጠርዝ የመዳብ ሰልፋይድ ይፈጠራል፤ ጥቁሩ መስመር እሱ ነው። ብዙ ሠሪዎች ሆን ብለው ይፈልጉታል፣ እውነትም ነጠብጣቡን በብዕር የተከበበ ያስመስለዋል።

መስመሩ ቀጭን እንዲሆን ከፈለጉ የዶቃውን ቅርጽ አስቀድመው ይጨርሱ፤ ቱርኩዙን መጨረሻ ላይ ያሳርፉና ልክ ሲተኛ (ከዶቃው ገጽ ጋር ሲስተካከል) ከነበልባሉ ያውጡት። ሙቀቱ በበረታና በቆየ ቁጥር ቀለበቱ ይሰፋል።

ጭራሽ እንዳይወጣ ከሆነ በመሃላቸው ቀለም አልባ ብርጭቆ ያስገቡ። መጀመሪያ የቀለም አልባውን ነጠብጣብ አሳርፈው ያስተኙት፤ ከዚያ ከእሱ ያነሰ የቱርኩዝ ነጠብጣብ በመሃሉ ያስቀምጡ። ስህተቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፦ ቱርኩዙ ከበዛ ቀልጦ ጠርዙን ያልፍና ከታች ያለውን ይነካል፤ ቀለበቱም ተመልሶ ይመጣል። ይህ ሁሉ ድካም ከሆነብዎ መደቡን ነጭ ያድርጉት፤ ነጩ ከቱርኩዝ ጋር ጠብ የለውም። በካድሚየም የሚቀለሙት ቢጫና ቀይ ግን ድኝ ስላለባቸው ያንኑ ጥቁር ጠርዝ ሊያመጡ ይችላሉ።

ግራጫው ሌላ ጉዳይ ነው። ነበልባሉ ኦክስጅን ሲያንሰው በብርጭቆው ገጽ ላይ ያለው የመዳብ ውህድ ወደ ንጹሕ መዳብነት ይመለሳል። ኦክስጅኑን ትንሽ ይጨምሩ ወይም ፕሮፔኑን ይቀንሱ፣ ዶቃውንም ከበርነሩ አፍ ራቅ አድርገው ይሥሩ። የቀረውን ስስ ሽፋን ዶቃው በምድጃ ሰክኖ (ሙቀቱን ይዞ ቆይቶ ቀስ በቀስ እየበረደ) ከቀዘቀዘ በኋላ ኮምጣጤ ውስጥ ቢዘፈዝፉት ብዙውን ጊዜ ይለቃል።

ዶቃው ከተሰነጠቀ ግን ቀለበቱን አይውቀሱ። በሙቀት የመስፋፋት መጠኑ (በእንግሊዝኛ COE) 104 የሆነ ብርጭቆ ከ90 ወይም ከ96 ጋር ተቀላቅሎ ይሆናል፤ አለዚያም ዶቃው 510 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሳይሰክን በፍጥነት ቀዝቅዟል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ጠቆር ያለው የዝሆን ጥርስ ቀለም ከፈዛዛው ይበልጥ ይጠቁራል። አዲስ ዘንግ ሲገዙ በሙከራ ዶቃ ላይ ሦስት ነጠብጣብ አሳርፈው አንዱን በጥቂቱ፣ አንዱን በመጠኑ፣ አንዱን እስኪተኛ ያቅልጡና የዘንጉን ቁጥር ይጻፉበት።