ሞርቫን ያለ መኪና መሄድ ይቻላል ወይ ላልሽው እህቴ

«ከፓሪስ ሁለት ልጆች ይዤ ቡርጎኝ ያለው የሞርቫን ፓርክ ልሄድ ነው። መኪና የለኝም። ይቻላል ወይ? መግቢያውስ ስንት ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ይቻላል እህቴ። እኛም ያለ መኪና ነው የሄድነው።

1. መግቢያ የሚባል ነገር የለም። ሞርቫን ከ1970 ጀምሮ የተፈጥሮ ፓርክ ነው፤ ግን አጥርም በርም የለውም። ሰው ይኖርበታል፣ ነጫጮቹ የሻሮሌ ከብቶች ይግጡበታል፣ ደኑም አብዛኛው የግለሰብ ነው። በር ላይ ተቀብሎ መንገድ የሚያሳይሽ ሰው አትጠብቂ።

2. ትራንስፖርት። ሌላውን ብትረሺ እንኳ ይሄን ያዢልኝ። እስከ ትንንሾቹ ከተሞች ባቡር ወይ አውቶቡስ ታገኛለሽ። ፈተናው ከዚያ ወደ መንደሮቹ ነው። እኛ ወደ ሴቶን ሐይቅ ነበር የምንሄደው፤ ድሮ እንጨት በወንዝ አንሳፍፈው ወደ ፓሪስ ለመላክ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የገደቡት ሐይቅ ነው። ከመነሳታችን በፊት ደውዬ «አውቶቡስ አለ ወይ?» አልኩ። «አዎ፣ አለ» ተባልኩ። ደርሰን ፌርማታው ላይ ብንቆም ብንቆም የሚመጣ የለም። ለካ አውቶቡሱ የሚመጣው ቀድሞ በስልክ ላስያዘ ሰው ብቻ ነው! የደወልኩበት ቢሮ ገብቼ ስጠይቅ ሴትየዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ድረ ገጹ ላይ ተጽፏል» አለችኝ። ስልክ ያነሳችልኝ ራሷ ነበረች፤ በድምጿ አወቅኳት። ፈረንሳይኛዬ አልገባትም እንዳልል ጥርት አድርጌ ነው የተናገርኩት። ወዲያው ደግሞ «ለምሳ ልንዘጋ ነው» ብላ ከነልጆቼ ዝናብ ላይ አስወጣችን። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። በታክሲ ከ100 ዩሮ በላይ ከፍለን ሄድን።

ስለዚህ አንቺ «አለ ወይ?» ብለሽ ብቻ አትለፊ። «ማስያዝ ያስፈልጋል? እስከ ስንት ሰዓት? መመለሻውስ?» በያቸው። መልሱን በኢሜይል እንዲልኩልሽ አድርጊ። እሁድና በዓል ቀን ጭራሽ ላይኖር ይችላል።

3. ልጆች ስላሉሽ ሞን ቡቭሬ የሚባለውን ተራራ ምረጪ። ከሁሉም ከፍ የሚለው 901 ሜትሩ ኦ ፎላን ነው፤ ለልጅ ግን 821 ሜትሩ ቡቭሬ ይሻላል። ቅርቡ ከተማ ኦተን ነው፤ አቫሎን በሚባለው ከተማ በኩል ከመጣሽ ሩቅ ነው። ተራራው ላይ የቢብራክት ፍርስራሽ አለ፤ ከሮማውያን በፊት የነበሩት ጎሎች ከተማ። በ52 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የጎሎቹ አለቃ ቬርሳንዤቶሪክስ ሮማን የሚወጋው ጦር መሪነቱ የጸናለት እዚያ ነው። ካሸነፈው በኋላ የሮማው ጦር አዛዥ ቄሳርም ክረምቱን እዚያው ከረመ። ትልቁ ልጄ ይሄን ትምህርት ቤት ተምሮት ኖሮ ከፍርስራሽ ፍርስራሽ እያዞረ አስረዳን። እዚህ ፈረንሳይ ተወልዶ ያደገ ልጅ፣ የአገሩን ታሪክ ለእናቱ ሲያስተምር! ደስታዬን ልነግርሽ አልችልም። የታክሲውንም ብር ያስረሳኝ እሱ ነው። ደግሞ ድሮ አጥር የነበሩትን ኤትር የሚሏቸውን ዛፎች ሳታይ እንዳትወርጂ፤ ግንዳቸው ተጠማዞ ተጠማዞ ጉድ ነው።

ከሴፕቴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ከሆነ የምትሄጂው፣ የአደን ወቅት ነው። ለልጆቹ ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ አልብሺ። አደን ላይ ነን የሚል ምልክት ካየሽ ሌላ መንገድ ያዢ። የት የት እንደሚያድኑ የመንደሩን ሜሪ፣ ማዘጋጃ ቤቱን ማለቴ ነው፣ ቀድመሽ ጠይቂ።

ቡና እዚያው ላፍላ ብለሽ ከሰል እንዳትይዢ። ጫካ ውስጥም ሆነ ከጫካው 200 ሜትር ድረስ እሳት ማንደድ በሕግ ክልክል ነው። እኔ ቤት አፍልቼ በቴርሞስ ይዤ ሄድኩ፤ ፈንዲሻውንም ጭምር።

መዥገር አለ። ረጅም ሱሪ አልብሻቸው፣ የሱሪውን ጫፍ ካልሲ ውስጥ ክተቺ። ማታ ስታጥቢያቸው ከጉልበት ጀርባ፣ ብብት ስርና ጸጉራቸው ውስጥ ፈትሺ። ካገኘሽ ዘይትም ክብሪትም አትሞክሪ፤ ከፋርማሲ የምትገዢውን ትንሿን መንቀያ ተጠቀሚ። የነከሰበት ቦታ በቀጣዮቹ ሳምንታት ቀይ ሆኖ እየሰፋ ከሄደ ሐኪም ጋ ውሰጃቸው።