ማርሽ መቀየር እንዴት መፍጠን ሆነ?

ጥያቄ፦ ምሩፅ ይፍጠርን «ማርሽ ቀያሪው» እያልን አደግን። እኔ ለሥራ ከኮምቦልቻ ደሴ እመላለሳለሁ። ሐረጎ ዳገት ላይ ሹፌሩ ማርሽ ሲቀይር መኪናው ያዘግማል እንጂ አይፈጥንም። ታዲያ ቅጽል ስሙ እንዴት የፈጣን ሯጭ ሆነ? የሰፈራችን ልጆች ደግሞ ተቀይሮ ገብቶ ጎል ያገባን ሁሉ «ማርሽ ቀያሪ» ይሉታል። ልክ ናቸው?

መልስ፦ ይህን ሐረጎን የሚያውቅ ሰው ነው የሚጠይቀው፤ በጣም ወድጄዋለሁ። እውነትዎን ነው፤ ማርሽ መቀየር በራሱ መፍጠን ማለት አይደለም። ዳገት ሲበረታ ሹፌር ወደ ከባድ ማርሽ፣ ማለትም ወደ አንደኛ ወይም ወደ ሁለተኛ፣ ይመልሳል። ቁልቁለቱንም በከባድ ማርሽ ነው የሚወርደው። «ማርሽ» የሚለው ቃል እንደ ፍሬንና እንደ ካምቢዮ ከጣሊያንኛ የመጣ የሹፌሮች ቃል ነው።

የፍጥነቱን ትርጉም ያመጣው ሩጫው ነው። ሐምሌ 1972 ዓ.ም. ሞስኮ ኦሎምፒክ ላይ፣ በ10,000 ሜትር፣ ምሩፅ ከመሐመድ ከድርና ከቶሎሳ ቆቱ ጋር ከፊት ከሚሮጡት መሀል ነበር። 300 ሜትር ገደማ ሲቀር ድንገት ተፈተለከ። የሚደርስበት አልተገኘም። ፊንላንዳዊው ማኒንካ ሁለተኛ፣ መሐመድ ሦስተኛ ወጡ። ከቀናት በኋላ 5,000 ሜትሩንም ደገመው።

ልብ ይበሉ፣ ሕዝቡ «ፈጣኑ» አላለውም። ፈጣን ሯጭማ ሞልቷል። የምሩፅ ልዩነቱ ድንገተኛነቱ ነው። እርስዎም መንገድ ላይ ሳያዩት አይቀሩም፦ ሹፌሩ ጭነት መኪና ደርቦ ሊያልፍ ሲል ማርሽ ይቀንሳል፣ ሞተሩ ያጓራል፣ መኪናው ይወነጨፋል። ቅጽል ስሙ የያዘው ይህችን ቅጽበት ነው።

በእንግሊዝኛ «ይፍተር ዘ ሺፍተር» ይሉታል። ያ ቤት ስለሚመታ ለጆሮ ይጥማል። የእኛው ቤት አይመታም፤ ግን ሞተሩ ሲያጓራ ያሰማል። እኔ የእኛውን እመርጣለሁ።

ወደ ልጆቹ ስመጣ፣ «ቀያሪው» ላይ ያለችው «ው» ስሙን የአንድ ሰው አድርጋዋለች። ያለ «ው» «ማርሽ ቀያሪ» ማንም ሊባል ይችላል፤ ስሕተት የለበትም። እኔ ግን ስያሜዋ የራሱን ሩጫ ድንገት ለሚለውጥ ተጫዋች ብትቆይ ደስ ይለኛል፤ ለምሳሌ ኳስ ይዞ ቀስ እያለ መጥቶ ተከላካዩ አጠገብ ሲደርስ ለሚፈተለከው። ተቀይሮ ገብቶ ላገባው «ጨዋታውን ገለበጠው» ማለት ይበቃል።