ዲሲ-3 ነው ወይስ ሲ-47?

ጥያቄ፦ አቃቂ ውስጥ በሰፈራችን ቅዳሜ ከሰዓት እየተሰበሰብን፣ የጥንት አውሮፕላኖችን ፎቶግራፍ ቆርጠን ጥቂቱን ብቻ በማሳየት የትኛው እንደሆነ እንገማመታለን። ባለፈው ሳምንት የቀረበልን ቁራጭ ከደመና በላይ የሚበር አውሮፕላን አንዱ ሞተርና ከሥሩ በግማሽ ወጥቶ የሚታይ ጎማ ነበር። ከፊሎቻችን ዲሲ-3፣ ከፊሎቻችን ኮንቬር ነው ብለን ስንከራከር፣ አዘጋጁ «መልሱ ሲ-47 ነው» ብሎ ለማንም ነጥብ ሳይሰጥ ቀረ። ፍርዱ ትክክል ነው?
አንባቢያችሁ፣ ከአቃቂ

መልስ፦ ትክክል አይደለም፤ ነጥቡ ዲሲ-3 ላላችሁት ይገባ ነበር። ዲሲ-3 በበረራ ላይ ጎማዎቹን ወደ ሞተሩ ሽፋን ሲያጥፍ ሙሉ በሙሉ አይሰበስባቸውም፤ ግማሽ ያህላቸው ከታች ወጥቶ ይቀራል። የኮንቬር ጎማ ግን ታጥፎ ገብቶ መዝጊያ ስለሚሸፍነው፣ ለመነሳት ወይም ለማረፍ ካልሆነ በቀር አይታይም። ፎቶግራፉ ከደመና በላይ የተነሳ መሆኑ ኮንቬርን ከግምት ያስወጣዋል።

ሲ-47 ደግሞ የዚያው የዲሲ-3 ወታደራዊ ዓይነት ነው። ዋና መለያው ከግራ ጎኑ በስተኋላ ያለው ሰፊ ባለ ሁለት ክፍል የጭነት በር ሲሆን፣ በሩ ያልታየበት ቁራጭ ይዞ ሁለቱን መለየት ከተጫዋች የሚጠበቅ አይደለም። ለመንገደኛ ማገልገሉም መለያ አይሆንም፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ራሱ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1946 በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተረፉ ሲ-47 አውሮፕላኖች ነበር።

ስለዚህ አዘጋጁ ፎቶግራፉን ከመቁረጡ በፊት መልሱን ከሌሎች የሚለየውን ምልክት በጀርባው ይጻፍ፤ የሚጽፈው ካጣ ቁራጩን ያስፋ። ለምሳሌ ዲሲ-3ን ከሠራው ከዳግላስ ኩባንያ ባለ አራት ሞተር አውሮፕላኖች መካከል የዲሲ-4 መስኮቶች ክብ፣ የዲሲ-6 እና የዲሲ-7 ግን አራት ማዕዘን ናቸው። አራት ማዕዘን መስኮት ብቻ ማሳየት ሁለቱን የኋለኞቹን አይለይም፤ የዲሲ-6 ፕሮፔለር ሦስት፣ የዲሲ-7 አራት ምላጭ ስላለው ፕሮፔለሩም መታየት አለበት። ሲሽከረከር ምላጩን መቁጠር ስለማይቻል የቆመ አውሮፕላን ፎቶግራፍ ይመረጣል። ሎክሂድ ኮንስቴሌሽንን በሦስት ቋሚ ክንፎቹ የሚታወቀውን ጭራውን ሙሉውን ካሳያችሁ ሁሉም ወዲያው ያውቀዋል፤ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ብታሳዩ ግን ጥሩ ጥያቄ ይወጣዋል።

ከአገራችን አውሮፕላኖች «ፀሐይ»ን እንድትጨምሩ አጥብቄ እመክራለሁ። ኢትዮጵያውያን ከጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ጋር የሠሯት ይህች ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን የበረረችው ዲሲ-3 ለመጀመሪያ ጊዜ በተነሳበት በዚያው በ1935 እ.ኤ.አ. ነው፤ ወደ ጣሊያን ተወስዳ የተመለሰችውም በ2024 ነው። ያለፈውን ሳምንት ነጥብ ደግሞ አዘጋጁ ለባለቤቶቹ ይመልስ።