ሚዛኑን ተይውና ሜትር አምጪ

እህቴ፣ «ባለቤቴ ቦርጭ አውጥቷል፤ ግን ምንም አያመኝም ይላል። ቀጭኑ ወንድሙ ደግሞ ግፊት አለበት። ታዲያ ክብደትን ከልብ ጋር ምን አገናኘው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሐኪም አይደለሁም። ግን በባለቤትሽ ቦታ ነበርኩ።

የዛሬ ሦስት ዓመት 84 ኪሎ ነበርኩ፤ ቁመቴ 1.72 ነው። ሰው ሁሉ «ተመችቶሃል» ይለኛል፣ እኔም ደስ ይለኛል። የሱሪዬ ቁጥር ስላልተለወጠ አልወፈርኩም ባይ ነበርኩ። ለካ ቀበቶዬን የማስረው ከቦርጬ በታች ነው! ለሌላ ጉዳይ ክሊኒክ ሄጄ ነርሷ ግፊቴን ስትለካው 152 በ96 ሆነ። በሌላ ቀን ተደገመ፣ ያው ነው። በባዶ ሆድ የተለካው ስኳሬ 114፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ቅባቴም ከፍ ብሏል። አንዱም አላመመኝም ነበር።

ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ ጭንና ዳሌ ላይ ካለው ስብ ይልቅ ክፉው ሆድ ውስጥ፣ ጉበትና አንጀት አካባቢ የሚከማቸው ነው። የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ኢንሱሊን የሚባለው ሆርሞን ሥራውን በደንብ እንዳይሠራ ያደርጋል። ከዚያ ስኳሩም፣ የደም ቅባቱም፣ ግፊቱም ይወጣል። የልብን የደም ሥር የሚጎዱት እነዚህ ናቸው። ቀጭን ሰውንም ግፊት በዘር፣ በዕድሜ፣ በጨው ይይዘዋል። እንዲያውም የወንድሙ ግፊት ለባለቤትሽ ማምለጫ አይሆንም፤ በቤተሰብ ካለ እሱም ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት።

የልብስ ሰፊ ሜትር ፈልጊና በእምብርቱ ትክክል ለኪው። ሆዱን ወደ ውስጥ እንዳይስብ ብቻ! ለወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ አደጋው ይጨምራል፣ ከ102 ሲያልፍ ይብሳል። ለሴት 80 እና 88 ነው። የእኔ 106 ነበር።

«ሁዳዴ ሲገባ እቀንሳለሁ» ብዬ ነበር። ጭራሽ ጨመርኩ። ፓስታ፣ ዳቦ በማርማላታ፣ ዘይት የጠጣ ፍርፍር፤ ጾም ነው እያልኩ ስበላ ከረምኩ። የረዳኝ ሌላ ነው። ማታ አንድ እንጀራ ብቻ፤ ቢራ ከሰኞ እስከ ዓርብ የለም፤ ታክሲ ላይ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ «ወራጅ አለ!» እላለሁ። በስምንት ወር 7 ኪሎ ቀነስኩ። በሐኪሞቹ የክብደትና የቁመት ስሌት አሁንም ከልክ በላይ ነኝ። ስኳሬ ግን ከ100 በታች ገባ። ግፊቱም ወርዷል፤ ኪኒኑን ግን በራሴ አላቆምኩም።

ባለቤትሽ ግፊቱን ለመለካት እሺ ካለ ቡና እንደጠጣ አይሂድ። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ቁጭ ብሎ ይረፍ። እኔ አንዴ ደረጃ በሩጫ ወጥቼ ተለክቼ 170 ብሎ ክው አድርጎኛል።